ሰደቀቱል ጃሪያ «አስቆፍሬ ጨረስኩ» ማለት አይደለም

ሥራዬ የእጅ ፓምፕ መጠገን ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያሉ የገጠር ቀበሌዎችን ስዞር ዓመታት አልፈዋል። ከምጠግናቸው ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ለሟች አባት ወይም እናት ተብለው የተቆፈሩ ናቸው። ስለ ሰደቀቱል ጃሪያ፣ ማለትም ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው ስለማይቋረጥ ምጽዋት፣ የሚወራውን ሁሉ እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። መነሻው ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ፣ የነቢዩ ንግግር፣ ነው። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ የማይቋረጡት ሦስት ናቸው፦ ቀጣይ ሰደቃ (ምጽዋት)፣ የሚጠቅም ዕውቀት፣ ዱዓ (ጸሎት) የሚያደርግለት ደግ ልጅ።

«የሀብታም ነገር ነው።» አይደለም። ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ከበላ ሰደቃ ነው። ጓሮህ ማንጎ ትከል።

«ክርስቲያን ጎረቤት ከቀዳበት አጅሩ (ምንዳው) ይቀንሳል።» ወፍ የበላው ከተቆጠረ ጎረቤትህ የጠጣው ሊቀር?

«ሀብቴን በሙሉ ለመስጂድ እናዘዛለሁ።» ኑዛዜ ከሲሶ አያልፍም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለባልደረባቸው ለሰዕድ ቢን አቢ ወቃስ «ሲሶ፤ ሲሶም ብዙ ነው» ብለዋቸዋል። ልጆችህን ባዶ እጃቸውን አታስቀር።

«አንዴ ካሠራሁ አጅሩ በራሱ ይፈሳል።» ይቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጃሪያ ማለት የሚፈስ ማለት ነው። ዓሊሞቹም (የሃይማኖት ሊቃውንቱ) አጅሩ የሚቀጥለው ጥቅሙ እስከቀጠለ ድረስ ነው ይላሉ። ፓምፑ ውስጥ ደግሞ ጎሚኒ የሚባል የጎማ ማሸጊያ አለ። ጎሚኒ ያልቃል። ሲያልቅ እጀታውን እስኪያልብህ ብትነቀንቀው ጠብ አይልም።

ባለፈው በጋ አንድ ጉድጓድ ዘንድ ሄድኩ። የሟቹ ስም የተጻፈበት እብነ በረድ ያብረቀርቃል። ፓምፑ ስምንት ወር ቆሟል። ሲሚንቶው ላይ በርበሬ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ። አዲስ አበባ ላለው ልጁ ደወልኩ። «እኛ እኮ አስረክበናል» አለኝ። ለማን? ዝም።

የነቢዩ ባልደረባ ዑመር (ረ.ዐ) የኸይበር መሬታቸውን ወቅፍ፣ ማለትም ለበጎ ሥራ የተሰጠ ቋሚ ንብረት፣ ሲያደርጉ እንዲህ ጥለው አልሄዱም። መሬቱ አይሸጥ፣ አይሰጥ፣ አይወረስ፤ ምርቱ ለድሃ፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛ፣ ለእንግዳ ይሁን አሉ። የሚያስተዳድረውም በአግባቡ ቢበላ ጥፋት የለበትም አሉ። እንግዲህ ከ1400 ዓመት ገደማ በፊት ጠባቂው ታስቦበታል ማለት ነው። እኛ ግን እብነ በረዱን እናስባለን።

ስለዚህ ስታስቆፍሩ ለጥገናውም አብራችሁ መድቡ። መስጂዱ አጠገብ አንዲት የኪራይ ሱቅ ብትኖር ኪራይዋ ይበቃል። ባህር ዛፍ ተክላችሁ ሽያጩን ለጥገና ማዋልም ይቻላል፤ ብቻ ከጉድጓዱ አርቁት፣ ውሃውን ይመጠዋል! መፍቻውና መለዋወጫው በሴቶቹ እጅ ይሁን። ፓምፑ ሲደክም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ያ ልጅ በሦስተኛው ቀን መልሶ ደወለ። «ጎሚኒው ስንት ነው?» አለኝ።

«የአራት ላክ» አልኩት።