ደማቅ ፊደል ርዕስ አይደለም፦ በኦንላይን ኮርስ ገጾች ላይ የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ጽሑፉን አድምቄ ፊደሉን ትልቅ አድርጌዋለሁ፤ ርዕስ ሆኗል።» አልሆነም! ኮርስ አዘጋጆች ይህን ስንቴ ቢነገራቸው ነው የሚተዉት? ለዓይን ርዕስ ይመስላል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ከሥሩ ካለው አንቀጽ የማይለይ ተራ ጽሑፍ ነው። ማየት የተሳነው ተማሪ ገጹን ከላይ እስከ ታች አያዳምጥም። እንደ ኤንቪዲኤ ወይም ጆስ ባለ ስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) «ኤች» ቁልፍን እየተጫነ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል፤ 2ን ሲጫን ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ርዕሶችን ብቻ ያገኛል። ገጹ በደማቅ ፊደል ብቻ ከተከፋፈለ የሚሰማው «ርዕስ የለም» የሚል መልስ ነው። የሦስተኛውን ሳምንት የቤት ሥራ ለማግኘት ያለፉትን ሁለት ሳምንታት በሙሉ መስማት ግድ ይሆንበታል።

ማስተካከሉ ከማድመቅ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። በዎርድና በጉግል ዶክስ መስመሩ ላይ ሆናችሁ ኮንትሮልንና ኦልትን ይዛችሁ እንደ ርዕሱ ደረጃ 1፣ 2 ወይም 3 ተጫኑ። በካንቫስ (ኦንላይን ኮርስ በሚዘጋጅበት ሲስተም) የገጹ ስም ራሱ አንደኛ ደረጃ ርዕስ ስለሆነ ውስጡን ከ2 ጀምሩ፦ «ሳምንት 3» ደረጃ 2፤ በሥሩ «ንባብ»፣ «ቪዲዮ»፣ «የቤት ሥራ» ደረጃ 3። የፊደሉ መጠን ስላማራችሁ ከ2 ወደ 4 አትዝለሉ፤ አድማጩ ያመለጠው ክፍል ያለ ይመስለዋል። ማሳሰቢያን ጎላ እንዲል ብሎ ርዕስ ማድረግም ያው ጥፋት ነው፤ ከርዕሶቹ የሚገኘውን ማውጫ ያበላሻል።

«ተማሪ ከሦስት ክሊክ በላይ አይታገሥም።» ሰው የሚሰለቸው ቀጣዩ ክሊክ የት እንደሚያደርሰው ሳያውቅ ሲቀር ነው። ክሊክ ለመቆጠብ ሲባል ኮርሱ በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ይቆለላል፤ በስልክ የሚማረው ጣቱ እስኪዝል ያንሸራትታል። እያንዳንዱን ሳምንት ለብቻው አድርጉ፤ የውስጡ ቅደም ተከተል ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳምንት አይለወጥ።

«ሊንኩ ላይ "እዚህ ይጫኑ" ማለት ይበቃል።» ስክሪን ሪደር የገጹን ሊንኮች ለብቻ አውጥቶ መዘርዘር ይችላል። ያን ጊዜ ተማሪው የሚሰማው «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» ብቻ ነው። «የምዕራፍ 3 ንባብ፣ ፒዲኤፍ፣ 2 ሜጋባይት» ብላችሁ ጻፉ፤ ዳታ የሚቆጥብ ሁሉ ያመሰግናችኋል።

«ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም ጽሑፍ ነው።» ፎቶ ነው። አንድ ቃል በማውስ ለመምረጥ ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ስክሪን ሪደርም አያነበውም። የዎርድ ፋይሉ ካለ እሱን ስጡ። ከሌለ በኦሲአር (በፎቶ ላይ ያለን ጽሑፍ ለይቶ ወደ እውነተኛ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም) ቀይሩት፤ ተመሳሳይ ፊደላትን ስለሚያምታታ ግን ሳታርሙ አትልቀቁት።

«አስፈላጊውን በቀይ ማቅለም ይበቃል።» ቀለም ለማይለይ ተማሪ አይበቃም፤ «የግድ» የሚል ቃል ጨምሩበት። የጽሑፉና የጀርባው ቀለም ንፅፅርም (የብርሃን ልዩነታቸው) ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን።

ኮርሱን ከመክፈታችሁ በፊት ማውሱን ወደ ጎን አድርጋችሁ በኪቦርድ ብቻ፣ በታብ እየተዘዋወራችሁ በኢንተር እየከፈታችሁ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ አንድ የቤት ሥራ ማስረከቢያ ድረስ ሂዱ። መሀል ላይ የት እንዳላችሁ ከጠፋባችሁ መታረም ያለበት ቦታ እዚያ ነው።