«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲባል

ይህን ምሳሌ ሙሉውን የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም። «ከሩቅ ዘመድ…» ይባልና ይተዋል፤ ቀሪውን ሰሚው በልቡ ይጨርሰዋል። «ይሻላል» የሚለው ማሰሪያውማ ከነጭራሹ ተቆርጦ ቀርቷል። እኔ ባደግሁበት በባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ሁለት ቦታ ላይ ሲነገር እሰማ ነበር። አንዱ እናቴ የጎረቤታችንን የእትዬን ውለታ ስታነሳ ነው። ሌላው በነገር ነው፦ ድንኳን ፈርሶ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሻንጣውን ይዞ ብቅ ለሚል ዘመድ «ምነው ቀረህ?» አይባልም። ቡናው እየተቀዳ አንዷ ወደ እትዬ ዞር ብላ «ከሩቅ ዘመድ…» ካለች እሱ ሲኒውን እያየ ያቀረቅራል።

ምሳሌው የሚመዝነው ታዲያ ፍቅርን አይደለም። ዘመድ አይወድህም አላለም፤ አይደርስልህም ነው ያለው። በጣና ዳርቻ ደግሞ መድረስ ቀላል ነገር አልነበረም። ሐይቁ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በደንገል ታንኳ ለሚቀዝፍ ሰው ማዶ ያለ ወንድም በሌላ አገር እንዳለ ይቆጠራል። በዚያ ላይ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነን። ዝምድና እስከ ሰባት ትውልድ ስለሚቆጠር ልጅ የሚዳረው ከዘመድ ርቆ፣ ጎጆ የሚወጣውም በባዕድ መካከል ነው። ሌሊት ምጥ ሲመጣ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ቀድሞ የሚደርሰው በዘር የማይቆጠር ሰው ነው።

መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 27 ቁጥር 10 ላይ ከራቀ ወንድም የቀረበ ጎረቤት ይሻላል ይላል። የገዳምና የደብር አገር ነንና ሁለቱ አባባሎች ሲደጋገፉ ኖረዋል። ሰው የሚረሳው እዚያው መጽሐፍ፣ ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ 25፥17 ላይ ያለውን ነው፦ እንዳይሰለችህ ወደ ባልንጀራህ ቤት እግር አታብዛ ይላል። ይህን ቁጥር ለእትዬ ያነበበላት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። በግእዝ «ጎር» ማለት ጎረቤት ነው፤ በላዩ «ቤት» ተጨምሮ የእኛ ጎረቤት ሆነ። የዐረብኛው «ጃር» ከዚያው ሥር የወጣ ነው፣ ትርጉሙም ያው ጎረቤት። የዕብራይስጡ «ጌር» ግን መጻተኛ ማለት ነው፤ በሰው አገር የሚኖር እንግዳ። ጎረቤትና መጻተኛ አንድ ሥር ላይ መገናኘታቸው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ራሴ መጻተኛ ሆኜ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ስለገባሁ ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን ሽምብጥ። የባሕር ዳርን የከተማ ፕላን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠራው ማክስ ጉተር የሚባል ጀርመናዊ ነው። ጎዳናውን እሱ ቀየሰልን፤ በግቢያችንና በእትዬ ግቢ መካከል ያለውን የአጥር ሽንቁር ግን የቀደድነው እኛው ነን። በሽንቁሩ እርሾ ያልፋል፣ ወንፊት ያልፋል፣ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» የሚል ልጅ ያልፋል። እትዬ አታንኳኳም። «ቤቶች!» ስትል ግማሽ አካሏ ውስጥ ነው፤ ወጡን ከፍታ ታያለች፣ ደመወዝ ትጠይቃለች፣ ዕድሜዬን እየቆጠረች ባል ታማርጥልኛለች።

ሆኖም አንድ ወር መጨረሻ ላይ ሞሰባችንን ከፍታ ባዶ አገኘችው። ምንም አላለችም። ማታ ልጇ በሽንቁሩ መጣና «ሰሃናችሁ እኛ ጋ ቀርቶ ነበር» ብሎ አራት እንጀራ የታጠፈበት ሰሃን ሰጠን። ሰሃኑ የእኛ አልነበረም። እናቴም ይህን እያወቀች ተቀበለችው። አማርኛ ለዚህ «ገበና» የሚል ቃል አለው፤ «ገበናዬን ሸፈነችልኝ» ይባላል። አበሻ የግል ሕይወት አያውቅም ሲባል የማልስማማው ለዚህ ነው። ጓዳ ገብቶ አይቶ ዝም የሚል ሰው ነው ለእኛ ጎረቤት። ምሳሌው ሳይናገር ያለፈው ግማሽ ይህ ይመስለኛል።

ጀርመኖች ገበና የሚጠብቁት ጓዳውን ባለማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጉግል የጎዳና ፎቶዎችን በ20 የጀርመን ከተሞች ሊጀምር ሲል 244 ሺህ ያህል ቤተሰቦች ቤታችን ይደብዘዝልን ብለው አመለከቱ። የቤቱን ፊት ነው እንግዲህ፣ ሞሰቡን አይደለም! በእኛ ሕንፃ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ አይሰማም። እሑድ ግድግዳ አይበሳም፣ ባዶ ጠርሙስ እንኳ ወደ መጣያው አይወረወርም። ደረጃ የመጥረግ ተራ የደረሰው ሰው በር ላይ ሰሌዳ ይንጠለጠላል። በደወሉ ላይ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም ስለሆነ ሁሉም በአባቴ ስም ነበር ሰላም የሚሉኝ።

ገና እንደገባሁ ቡና ቆልቼ ዕጣን አጨስኩና የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው የታችኛው ፎቅ ወይዘሮ መጡ። «ይግቡ፣ ቡና ደርሷል» አልኳቸው። ከደጃፉ አላለፉም። «መስኮት ይክፈቱ» ብለው፣ በአንቱታ፣ ወረዱ። አንድ ወር አኮረፍኳቸው፤ ማኩረፌን ያወቁ ግን አይመስለኝም።

በጥቅምት አንድ እሑድ ማታ ቆሻሻ ልጥል በነጠላ ጫማ ወጣሁና በሩ ከኋላዬ ጠቅ አለ። እዚያ የቤት በር ከተዘጋ ከውጭ ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ስልኬ ኪሴ ነበር። የደወልኩት ሐምቡርግ ላለው ለአክስቴ ልጅ ነው፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ሰው። ሲበቃው ሳቀና «ከሩቅ ዘመድ…» ብሎኝ ዘጋው።

ወርጄ አንኳኳሁ። ወይዘሮዋ ሰሙኝና በሩን መልሰው ዘጉት። አበቃ ስል ወንበር ይዘው ወጡ። ተመልሰው ካፖርት፣ ተመልሰው ሻይ፣ በመጨረሻ ለራሳቸውም ወንበር አመጡ። ቁልፍ ሠሪ ደውለው ጠሩልኝ፣ በዋጋውም ተከራከሩልኝ። አንድ ሰዓት ከሩብ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከየት መጣሽ፣ አግብተሻል ወይ፣ አንዲት ጥያቄ የለም። እትዬ ብትሆን በዚያ ሰዓት ሰባት ቤቴን ቆጥራ ትጨርስ ነበር። ወንበሩ ውጭ መሆኑ እስካሁን ይከነክነኛል። ደራሽ አይደሉም ግን ማለት አልችልም።

በማግሥቱ ትርፍ ቁልፌን በፖስታ አድርጌ አደራ ሰጠኋቸው። ፖስታውን በፕላስተር አሽገው፣ የአባቴን ስም ጽፈውበት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ቤቱን ስለቅ መለሱልኝ፤ ፕላስተሩ እንደነበረ ነው።

ሽምብጥ ስመለስ ለእናቴ ላሳያት አመጣሁት። እትዬም ነበረች። ተቀብላኝ ገለባበጠችው፣ ወደ ብርሃን ይዛ አየችው።

«ምን አለበት?»

«ቁልፍ ነው አልኩሽ እኮ፣ እትዬ።»

«እስቲ ልየው» አለችና ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው።