«ከደረቀ አይንቀሳቀስም» እና ሌሎች የመሳቢያ ወሬዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ባለ ሁለት መሳቢያ ትንሽ መደርደሪያ በገዛ እጁ ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው ምክር አያጣም፤ ከሳቢያን እስከ መጋላ ሁሉም አናጢ ነው። ከሚሰማው ውስጥ ግን ዕቃ የሚያበላሽም አለ።

«ጣውላ አንዴ ከደረቀ አይንቀሳቀስም፣ አቦ!» ብዙ መሳቢያ ያበላሸው ይሄ ነው። እንጨት ከተቆረጠ ከ20 ዓመት በኋላም እርጥበት ከአየሩ ይወስዳል፣ መልሶም ይሰጣል። በርዝመቱ የሚለወጠው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በወርዱ ግን ያብጣል፣ ይኮማተራል። በግንቦት ሙቀት ልክክ ብሎ የገባ መሳቢያ የነሐሴ ዝናብ ሲመጣ እግር አስደግፈው ቢጎትቱትም እምቢ ይላል። በደንብ ሳይደርቅ ከደጋ የወረደ ዋንዛ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ድሬ ሲደርስ ይኮማተራል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ሐረር ቅርብ ናት፤ ግን 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ካለችው ድሬ ይለያል። እዚያ የተሠራ ዕቃ እዚህ ሲመጣ ቢላላ የአናጢው ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ጣውላውን ገዝቶ በዚያው ቀን መጋዝ ከማንሳት፣ ዕቃው በሚቀመጥበት ክፍል በየመሃሉ ስስ እንጨት እያስገቡ ደርድሮ ሁለት ሳምንት ያህል ማቆየት ይሻላል። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መሳቢያ በበጋ ከተሠራ ከላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። «ቀዳዳው ያስጠላል» የሚል ይኖራል፤ በክረምት ይመሰገናል።

«ሚስማር በበዛ ቁጥር ይጠነክራል።» ጫፍ ላይ የተደረደረ ሚስማር የሚሠራው ነገር ቢኖር ጣውላውን መሰንጠቅ ነው። በጎን በኩል በነጭ ኮላ በደንብ ተጣብቆ የደረቀ ጣውላ ቢመታ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እንጨቱ ነው፣ መጋጠሚያው አይደለም። በመጋዝ የተቆረጠው ጫፍ ግን ኮላውን ይጠጣዋል፤ እዚያ ብቻውን አይታመንም። መሳቢያ ሲሳብ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው ፊተኛው ማዕዘን ላይ ስለሆነ፣ በመሮ ጥርስ አውጥቶ ማጠላለፍ ለዚህ ቦታ ይገባዋል። ኮላው ሳይደርቅ ደግሞ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለካ፤ ልኩ እኩል ካልሆነ መሳቢያው ጠሟል።

«ኮምፔንሳቶ የድሃ እንጨት ነው።» ለመሳቢያ ወለል ከጣውላ ይበልጣል! ስስ የእንጨት ንጣፎቹ እየተሻገሩ የተጣበቁ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል፤ ብዙም አያብጥም። ወለሉን የግድ በጣውላ እሠራለሁ ያለ ሰው ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይሰካው፣ እንዲንቀሳቀስ። ቺፑድ (ተጨምቆ የተጣበቀ የእንጨት ፍቅፋቂ) ግን ሌላ ነው፤ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ወደነበረበትም አይመለስም።

«ከነከሰ ዘይት ቀባው።» ዘይትና የድሬ አቧራ ሲገናኙ ጭቃ ይሆናሉ። መሄጃው ላይ ሻማ ወይም ደረቅ ሳሙና ማሸት ይበቃል። ከስፋቱ ይልቅ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ርዝመቱ የሚያንስ መሳቢያ ግን በአንድ ጎን ሲሳብ ቶሎ ስለሚያጋድል ሻማም ላያድነው ይችላል፤ ለሁለት መክፈሉ ይቀላል።

«ቫርኒሽ ከፊት ብቻ ይበቃል።» ያልተቀባው ጀርባ ከተቀባው ፊት ቀድሞ እርጥበት ይወስዳል፤ ጣውላው የሚጎብጠውም ለዚህ ነው። ቫርኒሽ እርጥበትን ያዘገየዋል እንጂ አያግደውም፤ ስለዚህ ሁለቱም ጎን እኩል ይቀባ፣ ክፍተቱም አይደፈን።