የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች

ይህን አባባል ልብ ብዬ የሰማሁት ደሴ፣ ሸዋ በር፣ አክስቴ ቤት ነው። አቦል ተጠጥቶ ቶና እየተቀዳ ነበር። ልጇ የመንግሥት ሥራውን ለቆ የልብስ ሱቅ ሊከፍት እንዳሰበ ተናገረ። አክስቴ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መለሰችው።

«ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል።»

«እማ፣ የቆጡ እኮ የደመወዜን ሦስት እጥፍ ነው።»

«የብብትህ የልጆችህ እንጀራ ነው።»

ከተማ ላደገ ሰው ቆጥ እንግዳ ቃል ሊሆን ይችላል። በገጠር ቤት ውስጥ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በእንጨት የሚሠራ ነው። ዕቃ ይቀመጥበታል፣ ዶሮ ያድርበታል። እንግዲህ አንዲት ሴት ቅል በብብቷ ይዛ ቆሟለች እንበል። ከላይ ሌላ ዕቃ አየች፣ እጇን ዘረጋች። ክንድ ሲነሣ ብብት ይከፈታል። ቅሉ መሬት ላይ ነው።

ብዙ ሰው አባባሉን «ባለህ ተቀመጥ» ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ አይመስለኝም። ቆጥ ላይ ያለ ዕቃ መቼም ሊወርድ ነው የተቀመጠው። የሴትዮዋ ጥፋት መንጠራራቷ ሳይሆን ቅሉን አስቀድማ መሬት አለማስቀመጧ ነው።

ሰው ሥራ ሲለቅ ወይም ንግድ ሲጀምር በስሌት ነው ወይስ በስሜት የሚወስነው? ይህ ጥያቄ የኢኮኖሚ ምሁራንን ሲያከራክር ኖሯል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጽሑፍ ሰው ትርፍንና ኪሳራን በእኩል ሚዛን እንደማይመዝን አሳዩ። ሺህ ብር ማጣት፣ ሺህ ብር ከማግኘት ደስታ ይበልጥ ያማል። ካህነማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ታዲያ ብብቱን አጥብቆ የያዘ ሁሉ ፈሪ ነው ማለት ነው? የወሎን ገበሬ እናስበው። ማዳበሪያ በዱቤ ቢወስድ፣ ዝናቡ ከሰመረለት ምርቱ ይጨምራል። ዝናብ ከቀረ ግን እህሉም የለም፣ ዕዳውም አለ፣ በሬው ይሸጣል። በእኛ አቆጣጠር የ1966ቱን እና የ1977ቱን ረሀብ ያየ አገር ይህን ስሌት ማንም አያስተምረውም። ስቴፋን ዴርኮንና ሉክ ክሪስቲያንሰን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ይህንኑ ነው፤ ምርት ቢጠፋ እንራባለን የሚል ስጋት ያለበት ቤት ማዳበሪያ ይቀንሳል። «ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» ሲባል ስሰማ የምናደደው ለዚህ ነው። ሰውየው በብብቱ ያለውን ያውቃል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነው። እነካህነማን አንድ ነገር ጨምረዋል፤ ሰው አስቀድሞ የከሰረ ከመሰለው፣ ኪሳራውን ለማስቀረት ሲል ከባድ አደጋ ይደፍራል። የእኛ ሰው «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ይላል። ከወሎ ተነሥቶ በጅቡቲ በረሃ፣ በጀልባ፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ የሚሄደውን ልጅ አስቡት። መንገዱ ሰው እንደሚበላ ያውቃል። ግን ጓደኞቹ ለወላጆቻቸው ቤት ሠርተዋል፣ እሱ እዚያው ነው። በራሱ ዓይን ብብቱ ባዶ ነው። ባዶ ብብት ላለው ሰው ይህን አባባል ብትነግረው አይሰማህም። መጀመሪያ የሚይዘው ነገር ስጠው።

የአክስቴ ልጅ ሱቁን ከፈተ፣ ሥራውን ግን አልለቀቀም። በሥራ ቀን እህቱ ትቀመጣለች፣ ማታና ቅዳሜ እሁድ እሱ። ባለፈው ስሄድ አንድ ደንበኛ ከላይኛው መደርደሪያ ጋቢ አውርድልኝ አለው። የተጣጠፉ ነጠላዎች በክንዱ ይዞ በርጩማ ላይ ሊወጣ ሲል አክስቴ ከጥጉ ተነሣች።

«የያዝከውን ወዲህ በል» አለችና ሁለት እጇን ዘረጋች።