በላቲን ሰዋስው ኬዝ ምንድን ነው?

ኬዝ ማለት አንድ ስም በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ሙያ የሚያሳይበት ቅርጽ ነው። ባለቤት ነው? ተሳቢ ነው? ተቀባይ ነው? ላቲን መልሱን የሚሰጠው በቃሉ መጨረሻ ነው።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። «ውሻው ልጁን ነከሰው» አልንም «ልጁን ውሻው ነከሰው» ያው ነው፤ ተነካሹ ልጁ ነው። ይህን ያስጠበቀችው «ን» ናት። ግዕዝ የተማረ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቀርበዋል። «ርእየ ንጉሠ» ላይ «ንጉሥ» ወደ «ንጉሠ» የተለወጠው ተሳቢ ስለሆነ ነው።

ወደ ላቲን እንምጣ። «ካኒስ» ውሻ ነው፣ «ፑኤር» ልጅ። «ካኒስ ፑኤሩም ሞርዴት» ማለት ውሻ ልጁን ይነክሳል ነው። «ፑኤሩም ካኒስ ሞርዴት» ብትሉም አጽንዖቱ ነው እንጂ ትርጉሙ አይለወጥም። ነካሹ ልጁ እንዲሆን ከፈለጋችሁ መጨረሻዎቹን ቀይሩ፦ «ፑኤር ካኔም ሞርዴት»።

ዋናዎቹ ኬዞች ስድስት ናቸው። ኖሚናቲቭ ለባለቤት ነው፣ አኩዛቲቭ ለተሳቢ። ጄኒቲቭ የእኛን «የ» ይተካል፣ ዳቲቭ «ለ»ን። ቮካቲቭ መጥሪያ ነው፤ ማርኩስን ሲጠሩት «ማርኬ!» ይሉታል።

ስድስተኛው አብላቲቭ ነው፤ ተማሪን የሚያደክመውም እሱ ነው። ድሮ ለየብቻቸው የነበሩ ሦስት ሙያዎችን ጠቅልሎ ይዟል፦ መነሻን፣ መሣሪያንና ቦታን። ስለዚህ አንዴ «ከ» አንዴ «በ» ሆኖ ይመጣል። «ግላዲዮ» ብቻውን «በሰይፍ» ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አያስፈልገውም።

የኬዝ ጉልበት ቁልጭ ብሎ የሚታየው በከተማ ስም ላይ ይመስለኛል። «ሮማም» ወደ ሮም ነው። «ሮማይ» በሮም ነው፤ ይህ ሎካቲቭ የሚባል የጥንት ኬዝ ቅሪት ነው። «ሮማ» መጨረሻው ረዘም ተደርጎ ሲነበብ ከሮም ይሆናል፤ አጠር ሲል ሮም ራሷ ባለቤት ናት። በተለመደው ጽሑፍ ግን ርዝመቱ አይታይም፤ አንባቢው ከዐውዱ ይለየዋል። በሌሎች ስሞች ላይ «ኢን» የምትባል መስተዋድድ ትገባለች፤ እሷም ኬዝ ትመርጣለች። «ኢን ኡርቤ» ከተማ ውስጥ፣ «ኢን ኡርቤም» ወደ ከተማ።

አንድ መጨረሻ ብዙ ሙያ ሊኖረው እንደሚችልም እወቁ። «ፑኤላይ» የልጅቷ፣ ለልጅቷ ወይም ልጃገረዶች ሊሆን ይችላል። የሚፈርደው አብዛኛውን ጊዜ ግሱ ነው። «ፑኤላይ ካንታንት» ላይ ግሱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ልጃገረዶች ይዘፍናሉ» ነው። «ፑኤላይ ሮሳም ዶ» ላይ ግን «ዶ» ማለት እሰጣለሁ ነውና ተቀባይ ይፈልጋል፦ ለልጅቷ ጽጌረዳ እሰጣለሁ። ለዚህ ነው ሰንጠረዥ ብቻ መሸምደድ ብዙ የማያራምደው። መጨረሻውን አይታችሁ አማራጮቹን ያዙ፣ ከዚያ ግሱን ጠብቁ።

ስሞች እንደ መጨረሻቸው አለዋወጥ በ5 ምድብ ይከፈላሉ። መዝገበ ቃላት ሁለት ቅርጽ የሚሰጣችሁም ለዚሁ ነው፦ «ሬክስ፣ ሬጊስ»፣ ማለትም ንጉሥ፣ የንጉሥ። ሁለተኛው፣ ጄኒቲቩ፣ ምድቡንም የሌሎቹን ኬዞች ግንድም ይነግራችኋል። ሁለቱን አብራችሁ አጥኑ። «ሬክስ»ን ብቻ የያዘ ሰው «ሬጌም»ን መጽሐፍ ላይ ሲያገኘው አያውቀውም።