ከመርከብ መድረክ የተረፈ ትዝታ፦ ስለ መዝናኛ መርከብ ሙዚቀኞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1989 ባሉት ዓመታት፣ በመሀሉ ወደ የብስ እየተመለስኩ፣ ከማያሚ ወደብ ተነሥተው የካሪቢያንን ደሴቶች በሚዞሩ የመዝናኛ መርከቦች ላይ በሳክስፎን ተጫዋችነት ሠርቻለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚሰጠኝ አስተያየት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ገሚሱ ሥራውን ከሚገባው በላይ ያሳምረዋል፣ ገሚሱ ደግሞ ያለ አግባቡ ያናንቀዋል። ሁለቱም የሚዘነጉት፣ መርከቧ ለተሳፋሪው መዝናኛ ብትሆንም ለእኛ የሥራ ቦታ እንደነበረችና ሙዚቃውም አስቀድሞ ያላዩትን ኖታ እዚያው በዚያው አንብቦ መጫወት የሚጠይቅ ሙያ እንደነበረ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በተለይ የተደጋገሙብኝ ናቸው።

«ጄት አውሮፕላን ሲመጣ የመርከብ ሙዚቀኛ እንጀራው ተቋረጠ»

የዚህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 መገባደጃ ጄት አውሮፕላኖች የአትላንቲክን ውቅያኖስ በመደበኛ በረራ ማቋረጥ ከጀመሩ በኋላ፣ ሰው ከአውሮፓ አሜሪካ ለመድረስ ቀናት የሚፈጅ የባሕር ጉዞ የሚመርጥበት ምክንያት አልቀረውም፤ አብዛኞቹ አመላላሽ መርከቦችም በቀጣዮቹ ዓመታት ተራ በተራ ከሥራ ወጡ። ነገር ግን «ፍራንስ» የተባለችው መርከብ የገጠማትን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ ስትጀምር 315 ሜትር ገደማ የምትረዝም የዘመኗ ረጅሟ የመንገደኞች መርከብ ነበረች፤ በ1974 ከአገልግሎት ወጥታ ለዓመታት ቆመች፤ በ1979 አንድ የኖርዌይ ባለሀብት ገዛት፤ በ1980 ደግሞ «ኖርዌይ» ተብላ ከማያሚ የመዝናኛ ጉዞ ጀመረች። ግዝፈቷ በአብዛኞቹ ደሴቶች ወደብ ላይ እንድትቆም ስለማይፈቅድላት ሰው የሚያመላልሱ ሁለት ጀልባዎችን ይዛ ትጓዝ ነበር፤ በዚያው ዐሥርት ዓመት ደግሞ የጃዝ ፌስቲቫል በላይዋ ላይ ይካሄድ ጀመር።

ለእኛ የተለወጠው ነገር ይህ ነው፤ መርከብ ሰውን አንድ ቦታ ማድረሷ ቀርቶ ራሷ መድረሻ ስትሆን፣ ተሳፋሪው ከእራት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሆንለትን ነገር ማዘጋጀት የንግዱ ዋና ክፍል ሆነ። እኔ በሠራሁባቸው መርከቦች ለቲያትር አዳራሹ አንድ ሙሉ ባንድ፣ ለዳንስ ሌላ አነስተኛ ባንድ፣ ለመጠጥ ቤቱ ፒያኖ ተጫዋች፣ ለላይኛው ወለል ደግሞ ካሊፕሶ የተባለውን የካሪቢያን ሙዚቃ የሚጫወት ቡድን ነበር። ጄቱ እንጀራችንን ከመቁረጡ ይልቅ አብዝቶልናል ማለት ይቻላል።

«እየተከፈለው የሚዝናና ሰው ነው»

ይህ እምነት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ለዓመታት በታየ፣ ታሪኩ በመዝናኛ መርከብ ላይ በሚያጠነጥን ተከታታይ ድራማ ምክንያት ይመስለኛል። በድራማው ውስጥ የመርከቡ ሠራተኞች ሁሉ ፀሐይ ላይ ይውላሉ። የእኔ ክፍል ግን ከባሕሩ ወለል በታች ነበረች፤ መስኮት የላትም፣ ሁለት ተደራራቢ አልጋ አላት፣ መብራቱ ሲጠፋ ቀትርም ሆነ ሌሊት ጨለማው አንድ ነው። ጠዋት ወደብ መድረሳችንን የማውቀው መርከቧን ወደ ጎን የሚገፉት ሞተሮች ከትራሴ አጠገብ ሲያጓሩ ነበር።

በቀን የምንጫወተው አራት ወይም አምስት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ይህን የሰማ «ታዲያ ምን ከበደው?» ይላል። ክብደቱ ግን ከሰዓቱ ብዛት ሳይሆን የዕረፍት ቀን ከሚባል ነገር አለመኖር የሚመጣ ነው። ውሉ ስድስት ወር ከሆነ፣ ስድስቱንም ወር በየምሽቱ፣ እሑድ ሳይል ሰኞ ሳይል፣ ልብስን ተኩሶ መድረክ ላይ መገኘት ነው። እራት በሁለት ዙር ስለሚቀርብ ዋናው ዝግጅትም ከምሽቱ 2፡30 እና ከምሽቱ 4፡30 ሁለት ጊዜ ይታያል፤ በሁለተኛው ዙር የኮሜዲያኑን ቀልድ ከሁለት ሰዓት በፊት እንዳልሰማን ሆነን መሣቅም የሥራው አካል ነበር።

«የብስ ላይ ያልተሳካለት ነው መርከብ ላይ የሚገባው»

ከሁሉም ይበልጥ የሚያናድደኝ ይህኛው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት እፈልጋለሁ።

እንግዳ ድምፃውያን፣ ኮሜዲያን፣ የትርዒት ተጫዋቾችና አስማተኞች ከመርከብ መርከብ እየተዘዋወሩ ይሠሩ ስለነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ደሴት ተሳፍረው በዚያው ምሽት መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንዲት ድምፃዊት ሻንጣዋን ክፍሏ እንኳ ሳታስገባ ወደ ቲያትር አዳራሹ መጥታ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ የኖታ አቃፊ አደለችን። ኖታዎቹ በእጅ የተጻፉ፣ ደጋግመው ፎቶ ኮፒ የተደረጉ፣ ጠርዛቸው በቢጫ ፕላስተር የተያያዘ ነበር። በእኔ ገጽ ላይ ለመጫወት የሚያስቸግር አንድ የዜማ ክፍል አለ፤ ከእኔ በፊት በዚያ ወረቀት የተጫወተ ሰው በላዩ በእርሳስ «ተጠንቀቅ!» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ የእጅ ጽሑፍ «ረፍዷል» የሚል ጨምሮበታል። ድምፃዊቷ ጉሮሮዋን ጉንፋን ይዞት ስለነበር «ሦስተኛውን ዘፈን አንድ ቶን ዝቅ አድርጉልኝ» አለች። ቶን በሙዚቃ የድምፅ ከፍታ እርከን ነው፤ ይህ ማለት የተጻፈውን እያየን ያልተጻፈውን መጫወት፣ እያንዳንዷን ኖታ በዐይናችን እያነበብን በጭንቅላታችን አንድ ቶን እያወረድን በጣታችን ማውጣት ማለት ነው። ለዐሥራ አንድ ዘፈን የነበረን ልምምድ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር፤ አዳራሹ ለቢንጎ ጨዋታ ይፈለግ ነበርና። ከምሽቱ 2፡30 ላይ መጋረጃው ሲከፈት፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ታዳሚ ከእርሷ ጋር ለዓመታት አብረን የዞርን ባንድ መስለነው ሊሆን ይችላል፤ እንዲመስለውም ነበር የተቀጠርነው።

በዚያ ላይ ሳክስፎን ብቻ የሚጫወት ሰው በቲያትር ባንዱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ክላርኔትና ፍሉትም መጫወት ግዴታ ነበር፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመለወጥም አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠው ፋታ ከጥቂት ምቶች አይበልጥም። ከበሮ መቺው ደግሞ ከሁላችንም የባሰ ኀላፊነት ነበረበት፤ ትርዒት ተጫዋቹ ኳስ ወደ ላይ በወረወረና በቀለበ ቁጥር፣ ከበሮ መቺው ዐይኑን ከሰውዬው እጅ ሳይነቅል ምቱን እዚያው ላይ ማሳረፍ አለበት፤ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ቀልዱም ብልሃቱም ከሸፈ።

የሚያምር ጃዝ ከልቡ ፈጥሮ የሚጫወት፣ እኔ በሕይወቴ የማልደርስበት አንድ ትራምፔት ተጫዋች ኖታ በፍጥነት ማንበብ ስላቃተው በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቤቱ ሲሸኝ አይቻለሁ። ልክ ነው፣ ከእኛ መካከል ደካሞችም ነበሩ። መርከቡ ያደክማል የሚለውንም አልክድም፤ ያንኑ ዝግጅት ለሃያኛ ሳምንት የሚጫወት ሰው እጁ ቢሠራም ጆሮው ማድመጥ ያቆማል፤ እኔም በመጨረሻ የወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ግን መደንዘዝ ሌላ፣ አለመቻል ሌላ።

«መርከቧ ግዙፍ ስለሆነች እንቅስቃሴዋ አይታወቅም»

ብዙ ሰው የሰማው መርከቦች ከሆዳቸው ግራና ቀኝ የሚዘረጉ ማረጋጊያ ክንፎች እንዳሏቸው ነው፤ እውነት ነው፣ አሏቸው። እነዚህ ክንፎች የሚቀንሱት ግን ከጎን ወደ ጎን መወዛወዝን ነው፤ የመርከቧ አፍንጫ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ታች መውረዱን እምብዛም አይገቱትም። ቲያትር አዳራሹ ደግሞ በብዙ መርከቦች የሚሠራው በፊተኛው ጫፍ፣ ማለትም ይህ መነሣትና መውረድ በሚበረታበት ቦታ ነው። ባሕር በሚያስቸግርበት ምሽት መርከቧ ስትወርድ ለአንድ አፍታ ከወንበሩ ቀለል ይሉና ስትነሣ የሰውነት ክብደት ተመልሶ ይጫናል፤ በዚያች ቅጽበት ከፍ ያለ ኖታ ለማውጣት ትንፋሹን ሰብስቦ የነበረ ትራምፔት ተጫዋች ምን እንደሚደርስበት ለመገመት አያስቸግርም።

ፒያኖው ከወለሉ ጋር በሰንሰለት የታሰረ ነበር። ከበሮ መቺያችን ትልቁ ከበሮ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ሲያስቸግረው የመርከቧን አናጢ ለምኖ ከፊቱ አንዲት ጣውላ በምስማር አስመትቶ ነበር። ዳንሰኞቹ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ስለሚሸሽ ዝላይ የነበረውን ወደ እርምጃ ይለውጡታል፤ እኛም ይህን አይተን ፍጥነቱን እንቀንሳለን። በውስጥ ያለው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር፣ በውጭ ያለው ሙቅና እርጥብ አየር ሲፈራረቁበት የሳክስፎኔ ሪድ፣ ማለትም ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠው ቀጭን የሸንበቆ ምላስ፣ ይጣመማል፤ ጨዋማው የባሕር አየር ደግሞ ቁልፎቹን የሚመልሱትን ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ያዝጋቸዋል። መርፌና ትንሽ ጉጠት ከኪሴ ተለይተውኝ አያውቁም ነበር።

የማቅለሽለሹን ነገር ሰው ከሆድ ጋር ያያይዘዋል። መነሻው ግን ዐይንና የውስጥ ጆሮ የሚሰጡት መረጃ አለመስማማቱ ነው። ጆሮ «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል፣ ኖታው ላይ የተተከለው ዐይን «ቆመናል» ይላል። ኖታ አንባቢ ከተሳፋሪው ይበልጥ የሚቸገረውም ለዚህ ነው።

«በየሳምንቱ አዲስ አገር ያያል»

በየሳምንቱ ያንኑ አገር ያያል። የሰባት ቀን መስመር ማለት ቅዳሜ ተነሥቶ ቅዳሜ መመለስ፣ በመሀሉም እነዚያኑ ሦስት ወይም አራት ወደቦች ማግኘት ነው። ከእነዚህም በአንዳንዱ ላይ መርከቧ ለአደጋ የሚበቃ ሠራተኛ ሳይኖራት እንዳትቆም በተራ እንቀር ነበር። የፖርቶ ሪኮን ዋና ከተማ ሳን ኹዋንን ከሠላሳ ጊዜ በላይ «ጎብኝቻለሁ»፤ በደንብ የማውቀው ግን በወደቡ በር ያለውን የስልክ ሰልፍ ነው።

«ወጪ ስለሌለበት ሀብታም ሆኖ ይመለሳል»

የምግብም ሆነ የቤት ኪራይ ወጪ አለመኖሩ እውነት ነው፤ ደመወዛችንንም በየሁለት ሳምንቱ በጥሬ ዶላር ፈርመን እንቀበል ነበር። ይሁን እንጂ ውሉ ሲያልቅ ደመወዙም አብሮ ያልቃል፤ እስከሚቀጥለው ውል ያሉት ወራት የተጠራቀመውን ይበሉታል። የቀረውን የሚበላው ስልክ ነበር። የሳተላይት ስልክ ለመርከቦች አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ቢሆንም ዋጋው ለእኛ የሚቀመስ አልነበረም፤ ስለዚህ ኪሳችንን በሳንቲም ሞልተን ወደቡ ላይ ያለውን የስልክ ሣጥን እንጠብቃለን፤ ወረፋው ሲደርሰን ለመናገር ያሰብነው ይጠፋብናል።

«ሙዚቀኛ ስለ መርከቧ ደኅንነት አይመለከተውም»

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1912 በታይታኒክ ላይ እየተጫወቱ የሞቱትን በዋላስ ሃርትሊ የሚመሩ ስምንት ሙዚቀኞች ነው፤ የማይታወቀው ግን እነዚህ ሰዎች የመርከቡ ኩባንያ ሠራተኞች አለመሆናቸው ነው። የቀጠራቸው በሊቨርፑል የሚገኝ አንድ የሙዚቀኞች ወኪል ነበር፤ የተሳፈሩትም በሁለተኛ ማዕረግ ቲኬት ነው። ከአደጋው በኋላ ኩባንያው «ሠራተኞቼ አይደሉም» ብሎ ካሳ ሲከለክል፣ ወኪሉ ለአንደኛው ሙዚቀኛ አባት የደንብ ልብስ ዕዳ እንዲከፍሉ ደብዳቤ ጽፏል።

በእኔ ዘመን እያንዳንዱ ሙዚቀኛ በአደጋ ጊዜ የሚቆምበት ቦታና የሚሠራው ሥራ በቁጥር ተመዝግቦ ይሰጠው ነበር። የእኔ ቦታ በአንድ ደረጃ መታጠፊያ ላይ ነበር፤ ብርቱካናማውን የነፍስ አድን ሰደርያ ለብሼ ተሳፋሪዎችን ወደ ጀልባዎቹ መምራት፣ የሚመለስ ካለም መከልከል። ጥሪው ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የመርከብ ጡሩምባ ነው፤ በየሳምንቱ ስለምንለማመደው በእንቅልፍ ልቤም ቢሆን እቆጥረዋለሁ።

ስለ ጡሩምባው ካነሣሁ ይህን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ርዝመቷ 200 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ጡሩምባ ድምፅ ከ70 እስከ 200 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆን ያዛል፤ ይህም የቤዝ ጊታር ድምፅ የሚመላለስበት ቦታ ነው። ከወደብ ስንነሣ በላይኛው ወለል ላይ እንጫወት ስለነበር፣ ካፒቴኑ ጡሩምባውን የሚነፋው ሁልጊዜ በዚያው በአንድ ዘፈን መሀል ነበር፤ ድምፁም ከእኛ ዘፈን በግማሽ ቶን ከፍ ይላል። ቤዝ ተጫዋቻችን ለአንድ ወር ያህል ጥርሱን ነክሶ ከቆየ በኋላ ለባንዱ መሪ «እሱ እንደሆነ አይወርድልንም» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ያንን ዘፈን ግማሽ ቶን ከፍ አድርገን ተጫወትነው።