«ዝግ ቀረጻ» ስውር ቀረጻ አይደለም
የደብረ ብርሃን ብርድ ሲበረታ ጋቢ ደርበን የታይላንድ ተከታታይ ድራማ የምናይ ጥቂት አይደለንም። ሁለት ወንዶች የሚፋቀሩበት ታሪክ ሲሆን የመሳሳሙ ትዕይንት በ«ዝግ ቀረጻ» ተሠራ ሲባል ቃሉ ብዙዎችን ያደናግራል። በድብቅ የተቀረጸ ማለት አይደለም። ለትዕይንቱ የማያስፈልግ ሰው ሁሉ ይወጣል፤ ዳይሬክተሩና ጥቂት የካሜራና የድምፅ ባለሙያዎች ብቻ ይቀራሉ።

መሳሳሙም በድንገተኛ ስሜት የሚመጣ አይደለም። እጅ የት እንደሚያርፍ፣ ፊት ወዴት እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚቆም አስቀድሞ እንደ ውዝዋዜ ይጠናል። ተዋናዩ ትናንት የፈቀደውን ዛሬ «አልችልም» ማለት ይችላል፤ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህን ነው። ይህን የሚከታተለው ባለሙያ የቅርርብ ትዕይንት አስተባባሪ ይባላል። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ትዕይንት ባለባቸው ድራማዎቹ ሁሉ እንዲኖር ወስኗል።